የአሮጌ መታጠቢያ ቤት እድሳት (በአሜሪካ)
በአሜሪካ የሕንፃ ደንብ መሠረት አሮጌ ሥራ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይታለፋል፤ በእድሳት የሚነካው ግን የዛሬውን ደንብ ማሟላት አለበት። ብዙ ባለቤቶችን የሚያስደነግጠው ሴራሚኩ ሲነሳ የሚታየው ጉድ ነው። ለምሳሌ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የ«ኤስ» ቅርጽ ሲፎን፣ ውሃው በኃይል ሲወርድ በመታጠፊያው መቅረት የነበረበትን ውሃ ጭምር ስቦ ይወስደዋል፤ ያኔ የፍሳሽ ጋዝ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ደንቡ በ«ፒ» ቅርጽ ሲፎን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዲቀር፣ የአየር ቱቦም እንዲኖር ያዛል።

የኤሌክትሪክ ደንቡ ከ1975 ጀምሮ ለመታጠቢያ ቤት ሶኬት ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይጠይቃል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ከመፋቅ በፊት መመርመር ይገባል። የሕንፃ ደንብ ተቆጣጣሪው ቱቦውንና ሽቦውን ማየት ያለበት ግድግዳው ሳይዘጋ ነው፤ ዘግይቶ የተጠራ እንደሆነ አዲሱ ሴራሚክ ሊፈርስ ይችላል።