ፕሮግራሙና ተሸካሚው፦ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ከመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ሲነበብ



የዛሬው ርእሴ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የአገራችን የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አዋጅ፣ መድረሻው ፖሊሲ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከአንድ ተራ ወረቀት ልነሣ። ይህም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ይህን ወረቀት «ፕሮግራም» እንለዋለን። ይኸው ቃል በሚኒስቴር ሰነዶች ውስጥ ሲገኝ ግን ትርጉሙ ይሰፋል፤ የማስፋፊያ ፕሮግራም፣ የጥራት ፕሮግራም፣ የምገባ ፕሮግራም ይሆናል። ክርክሬ በአጭሩ ይህ ነው። ከላይ የሚወርደው ፕሮግራም ሁሉ ሕይወት የሚያገኘው በግድግዳው ፕሮግራም ላይ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ያ ቦታ የሚከፈለው ደግሞ ከመምህሩ ጊዜና ጉልበት ነው። ይህን የዘነጋ ማሻሻያ ወይ ተቃውሞ ይገጥመዋል፣ ወይ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ወደ መነሻው እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን፣ በ1920ዎቹም የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከተሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ተቋማት በባዶ መሬት ላይ አልበቀሉም። ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከገቡት ልጆች ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊት የደገሙት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ ሌሎችም ማንበብን የለመዱት በቁርኣን ትምህርት ቤት ነው። መንግሥት ያልቀጠራቸው፣ ደመወዝ ያልቆረጠላቸው እነዚህ መምህራን ለአዲሱ ትምህርት ቤት ያልተመዘገበ የመጀመሪያ ክፍል ሆነው አገልግለዋል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ ገና ከጅምሩ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው።

የጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር በጠሰው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደ አዲስ ሲቋቋሙ ሁለት ጥያቄዎች ጎልተው ወጡ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መምህሩስ? ለመጀመሪያው ጥያቄ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው የትምህርት ግብር መልስ ሆነ። ከሌላው ግብር በተጨማሪ ገበሬው ለትምህርት ይከፍል ጀመር፤ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ከመንደሩ የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የተፈለገው በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ነው። በሐረር፣ በአሥመራ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎችም ከተሞች የሠለጠኑ ወጣቶች እነሱ ወዳላዩት አውራጃ ተመደቡ። የደረሱበት ትምህርት ቤት አንድ ቤት፣ አንድ ደወል፣ አንድ ሰንደቅ ዓላማ ሊሆን ይችላል። በዚያ አስተማሪው መምህር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መዝጋቢ፣ ደብዳቤ አንባቢ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ አንዳንዴም ሽማግሌ ይሆናል።

አሁን ወደ ክርክሬ ማዕከል ልግባ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በይዘቱ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የሰፋ ነበር። ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮ ጋር እንዲቆራኝ ሐሳብ አቀረበ። ጥናቱን የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች ደክመውበታል፤ ከሐሳቦቹም አንዳንዶቹ ዛሬ ቢነበቡ ሚዛን የሚደፉ ናቸው። ነገር ግን ሐሳቡን በክፍል ውስጥ የሚሠራው መምህርና ልጁን የሚልከው ወላጅ በዝግጅቱ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ይዘቱ ይፋ ሲሆን ወላጅ «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» ብሎ ተረዳው፤ መምህሩም የኑሮውና የሥራው ዋስትና እንደተነካ ቆጠረው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን አቆየ። የዚያ ወር ንቅናቄ ብዙ ምክንያቶች እንደነበሩት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ በግድግዳው ፊት ቆሞ ያልተጠየቀ መምህር፣ በአደባባይ ቆሞ መልስ ሰጠ።

ከአብዮቱ በኋላ የመጣው ለውጥ የትምህርት ቤቱን ቀን ራሱን ለሁለት ከፈለው። በአብዮቱ ዋዜማ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ1973 ዓ.ም. ገደማ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ክፍልና መምህር በዚያው መጠን ሊበዙ አልቻሉም፤ ስለዚህ ፈረቃ ተስፋፋ። እኔም የዚያ ዘመን የፈረቃ ተማሪ ነኝ። አንዱን ሳምንት በጠዋት፣ ቀጣዩን ከሰዓት በኋላ እንማር ነበር፤ የምቀመጥበት ዴስክ ግማሹን ቀን የማላውቀው ልጅ ዴስክ ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ፈረቃ የግማሽ ቀን ዕረፍት መስሎ ይታየን ነበር። ለመንግሥት አንዱን ሕንጻ ሁለት ትምህርት ቤት የማድረጊያ ዘዴ ነበር። በሁለቱም ፈረቃ ለሚያስተምር መምህር ግን ደብተር የሚታረምበት፣ ሰነፍ ተማሪ ተነጥሎ የሚረዳበት ሰዓት ከግድግዳው ወረቀት ላይ ተፋቀ ማለት ነው።

በዚሁ ላይ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ዓለም አቀፍ ዕውቅናም ያገኘ ታላቅ ሥራ ነው፤ በእርሱ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ እናቶችና አባቶች የታሪካችን ክብር ናቸው። ያም ሆኖ ክፍሎቹ የእነዚያው ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ነበሩ። ቀን ሕፃናትን ሲያስተምሩ ከዋሉት መምህራን ብዙዎቹ ማምሻውን ጎልማሶችን አስተምረዋል። የዘመቻው ውጤት በሪፖርት ሲቀርብ የተመራቂው ብዛት ይነገራል፤ የመምህሩ ማታ ግን ዓምድ አልተሰጠውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃውን ክፍል ከውስጥ ለወጠው። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር፣ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየተደገፉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል እንዲዘዋወሩ ተደረገ፤ መምህራን «ፍሪ ፕሮሞሽን» የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ያልነበረበት ቀበሌ ትምህርት ቤት አየ፤ የልጃገረዶች ቁጥርም ከፍ አለ። ይህን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ሒሳቡን በግድግዳው ወረቀት ላይ እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በክፍሉ 70 ልጆች ቢኖሩ፣ መምህርቷም ሌላ ምንም ሳትሠራ እያንዳንዱን ልጅ ብታስነብብ፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 34 ሴኮንድ ነው። ተከታታይ ምዘና ማለት በዚህ ክፍል ውስጥ 34 ሴኮንድ ማለት ነው። ምዘናው በፖሊሲው እንደታሰበ ሳይካሄድ ሲቀር «መምህራን አልተገበሩትም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ጊዜውን ማን እንደወሰደው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሮስተር ሥራ፣ የክበባት ሥራ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ፣ የሚሞላ ቅጽ ሁሉ ከዚያው ቀን ላይ ይቆረጣል።

ከዚህ ታሪክ የሚለይ አንድ ምሳሌ አለኝ። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በከተማ ደረጃ ሲጀመር፣ ፕሮግራሙ የራሱን እጅ ይዞ መጣ። የአካባቢው እናቶች ተቀጥረው ምግቡን ያበስላሉ፤ ስማቸውም «መጋቢ እናቶች» ነው። መምህራን ልጆችን በማሰለፍና በመቁጠር ይሳተፋሉ፤ ድስቱን ግን አልተሸከሙም። ምገባው የራሱ ችግሮች አሉት። ሆኖም አንድ ነገር አሳይቶናል፤ አዲስ ሥራ ሲጨመር አዲስ ሠራተኛና በጀት ከተጨመረለት ትምህርት ቤቱ ይቀበለዋል። በመቶ ዓመቱ ታሪካችን ይህ እምብዛም የማይገኝ አሠራር ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ወደ 6 ዓመት፣ መካከለኛውን ወደ 2፣ ሁለተኛውን ወደ 4 መልሶታል። ይህ አከፋፈል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረ ነው። ቁጥሮቹ ዞረው ሲመጡ አይተናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ የዱሮው ልማድም አብሮ እንዳይመጣ ነው። አዲሱ መጽሐፍ፣ አዲሱ የትምህርት ዓይነት፣ አዲሱ ምዘና በመምህሩ ቀን ውስጥ የትኛውን ሰዓት ይይዛል? ለዚያስ ከላዩ ላይ ምን ይነሣለታል? ይህ የታሪክ ተማሪ ጥያቄ ነው፤ የፖሊሲ አውጪም ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

ለእናንተ ለወጣት ተመራማሪዎች የማቀርበው ጥሪ ከዚህ የሚመነጭ ነው። የምነግራችሁ ታሪክ ዋና ምንጮች በትልልቅ ቤተ መዛግብት ውስጥ አይገኙም። ያሉት በየትምህርት ቤቱ መጋዘን፣ ከተሰበረ ወንበር ሥር ነው፤ የስም መጥሪያ መዝገቦች፣ ያረጁ ሮስተሮች፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎች፣ የፈረቃ ድልድሎች። ግቢ ሲጸዳ የሚቃጠሉት በመጀመሪያ እነዚህ ናቸው። በስም መጥሪያው ላይ በኅዳር ወር የሚበዛው የቀሪ ምልክት አጨዳን ይነግረናል፤ በየመንፈቁ የሚለዋወጠው የእጅ ጽሕፈት የመምህራንን መልቀቅ ይነግረናል። በምትኖሩበት ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ሂዱ፤ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዱ፤ ጡረታ የወጡትንም መምህራን ጠይቁ። የምትጠይቋቸው ምን እንዳስተማሩ ብቻ አይሁን፤ ከደወል እስከ ደወል ቀናቸው እንዴት ያልፍ እንደነበር ይንገሯችሁ።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።