የእንግሊዝ የጥንቸል ጉብታዎች

በእንግሊዝ አገር ጥንቸል መጤ እንስሳ ናት። የዘር አገሯ የኢቤሪያ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኖርማን ጌቶች አምጥተው አረቧት። ኋላ የእርሻ ጠንቅ የሆነችው ይህች እንስሳ ያን ጊዜ ብርቅ ነበረች፤ ሥጋዋ ለመኳንንት ማዕድ፣ ጸጉራም ቆዳዋ ለካባ ገበር ይውል ነበር። ባለርስቱ በገዛ መሬቱ ሊያድናት ሲሻ እንኳ የንጉሡን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

ቀዝቃዛውና እርጥቡ አየር ግን ስላልተስማማት፣ ጉድጓዱን ሰው አዘጋጀላት። ጠባቂዎች ልል አፈር ከምረው፣ ዙሪያውን ውሃ የሚያጠነፍፍ ቦይ ቀደው፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ጉብታ ይሠሩ ነበር። በአንዳንዱ ውስጥ በድንጋይ የተከደነ መተላለፊያ አለ። አርኪዮሎጂስቶች በቅርጹ የተነሳ የትራስ ጉብታ ይሉታል። ለአደን ፌሬት የተባለች ቀጭን ሥጋ በል እንስሳ በቀዳዳው ትለቀቅ ነበር፤ ደንግጠው የሚወጡትን ጥንቸሎች ደጅ ላይ መረብ ይይዛቸው ነበር።

ከቀበሮም ከጭልፊትም ይልቅ ያስቸገረው ሌባ ነበር። በኖርፎክ፣ ቴትፎርድ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ የገዳም አለቃ ያሠራው የጠባቂ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ወፍራም ግንቡንና ጠባብ መስኮቶቹን ላየ የጦር ምሽግ እንጂ የጥንቸል ዘብ ማደሪያ አይመስልም።

በዴቨን፣ ዳርትሙር በሚባለው ደጋ፣ ጉብታዎቹ በብዛት ይታያሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከመካከለኛው ዘመን በኋላ የተሠሩ ናቸው። እዚያው ባለው በዲትስዎርዚ የጥንቸል እርባታው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ጉብታዎቹ ዝቅ ያሉ በመሆናቸው በደንብ የሚለዩት ፀሐይ አዘቅዝቃ ጥላቸው ሲረዝም ነው።