ሰው ከተኛበት ሲነሳ የደም ግፊቱ እንዴት ይጠበቃል? እንዴትስ ይለካል?

ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ይህም ሆኖ ብዙዎች ተዝለፍልፈው የማይወድቁት ባሮሪፍሌክስ በሚባለው ፈጣን የሰውነት መቆጣጠሪያ አማካይነት ነው።

በአንገት ግራና ቀኝ በሚያልፉት ደም ቅዳ የደም ሥሮችና ከልብ በሚነሳው ዋናው ደም ቅዳ ላይ የሚገኙ የነርቭ ጫፎች የደም ሥሩን መለጠጥ እየተከታተሉ ለአንጎል ያሳውቃሉ። ግፊቱ ሲቀንስ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ሥሮችም ይጠባሉ።

በምርምር ተቋማት የደም ግፊትን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ለተመርማሪው ይሰጥና፣ ግፊቱ በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲለወጥ በሁለት የልብ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚለወጥ ይሰላል። ይህ አኃዝ በዕድሜ መግፋትና በስኳር በሽታ ምክንያት ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ ለጉዳዩ ከሚቀርቡት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ስትሮክ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ጥናቱ ከ3 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመኖሪያቸውና ወደ ቆላ ከወረዱ በኋላ የመረመረ ሲሆን፣ የለካው ግን ባሮሪፍሌክስን ሳይሆን የአንጎል የደም ዝውውር ለአየር ለውጥ የሚሰጠውን ምላሽ ነበር።

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከከሚሴ ብዙም በማትርቀው ጨፋ ሮቢት ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው። በበጋ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው በሚሰፍሩበት በጨፋ ረግረግ አካባቢ ሙቀቱ የቆዳ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ላብም የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል። የረመዳን ጾም ከሙቀቱ ወቅት ጋር ሲገጥም ጫናው ይበረታል። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በድንገት ሲነሱ ዓይናቸው ሊጨልምባቸውና ሊወድቁ ይችላሉ፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ችግሩን ለመለየት የተለመደው የክንድ መለኪያ ይበቃል። ታካሚው 5 ደቂቃ በጀርባው ተኝቶ ግፊቱ ይለካል፤ ከቆመ ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላም በድጋሚ ይለካል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 እና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲቆሙ የሚከሰት የግፊት መውረድ አለ ይባላል። ተቀምጦ ብቻ የሚደረግ ልኬት ይህን አያሳይም። ውጤቱ የታየበት ታካሚ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ መጠኑንና የሚወሰድበትን ሰዓት የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።