ዜና ቫኔሳ ናካቴ ዘካምፓላ

ዮዌሪ ሙሴቬኒ የኡጋንዳን መንግሥት በያዙ በ11ኛው ዓመት፣ በ1996 ኖቬምበር 15 ቀን፣ ቫኔሳ ናካቴ ተወለደች። ከወላጆቿ አምስት ልጆችም በኩሯ ናት፤ ያደገችውም በኮረብቶች ላይ በተሠራችው በካምፓላ ከተማ ነው። የቀደሙት ጸሐፍት የነገሥታትን ዘመቻና የግብራቸውን ብዛት በሰፊው ጽፈውልናል። እኛ ግን ሠራዊት ያልነበራትን፣ የመንግሥት ሹመትም ያልተሾመችውን የአንዲት ወጣት ሥራ እንጽፋለን፤ ሥራዋ መጻፍ የሚገባው ነውና። ዘመኑንም ሁሉ፣ ነገሩ እንደ ተፈጸመበት አገር ልማድ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር እንቆጥራለን።

አስቀድመን አገሩ በምን ላይ እንደ ነበረ እንናገር። ኡጋንዳ በብዙው ክፍሏ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጥልባት፣ ገበሬዋም ይህንኑ ተማምኖ የሚዘራባት ለምለም አገር ናት። ዳሩ ግን ደኗ እጅግ ሳስቶ ነበር፤ በ1990 የምድሯ 24 በመቶ ደን ነበረ፣ በ2015 ወደ 9 በመቶ ወረደ። በ2007 በኤፕሪል ወር መንግሥት ከማቢራ ደን ከፍሎ ለስኳር አገዳ ሊሰጥ ባሰበ ጊዜ የካምፓላ ሰው ተነሥቶ ተቃወመ፤ በሁከቱም የሰው ሕይወት ጠፋ። በ2010 ማርች 1 ቀን ደግሞ የኤልጎን ተራራ ቁልቁለት በዝናብ ርሶ ተናደና በቡዱዳ አውራጃ ናሜትሲ የምትባለውን መንደር ከነሰዎቿ ቀበራት። በ2018 ኦክቶበር 11 ቀን በዚያው በቡዱዳ ምድሩ ዳግመኛ ተንዶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ዛፉ ተመንጥሮ እስከ ገደሉ አፍ የታረሰ ተራራ ብርቱ ዝናብ ሲወርድበት አፈሩን መያዝ ይሳነዋል፤ ድሃው ግን ሌላ መሬት ስለሌለው ተመልሶ እዚያው ይሠፍራል።

በዚያው በ2018 ናካቴ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ አስተዳደር ትማር ነበር። የአገሯን ሰው አብዝቶ የሚጎዳው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወድዳ አጎቷን ጠየቀች። እርሱም በልጅነቱ ዝናቡ በወቅቱ ይመጣ እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ገበሬው የሚዘራበትን ወር ለይቶ ማወቅ እንደ ተሳነው ነገራት። ናካቴም ተደነቀች፤ በትምህርት ቤት የአየር ንብረት ለውጥ ሲነገራት የሩቅ ዘመን ነገር ይመስላት ነበርና። ከዚያ ወዲያ ታነብብ ጀመር፤ በስዊድን ፓርላማ ደጅ ግሬታ ተንበርግ የምትባል ልጅ በየዓርቡ መቀመጧንም ሰማች።

በ2019 በጃንዋሪ ወር መጀመሪያ ናካቴ ወንድሞቿንና እኅቶቿን፣ የአጎትና የአክስት ልጆችንም አስከትላ፣ በካርቶን የተጻፈ መፈክር ይዛ በካምፓላ መንገዶች ቆመች። ከዚያም ብቻዋን በፓርላማው በር ትቆም ጀመር። ይህን የሚያነብ ሰው ስዊድንና ኡጋንዳን በአንድ ዓይን እንዳያይ እለምነዋለሁ። በኡጋንዳ በ2013 የወጣው የሕዝብ ስብሰባ ሕግ ለፖሊስ ሳያስታውቅ የሚሰበሰብን ሰው ያስጠይቅ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው መሰብሰብ ያስፈራ ነበር፤ ብቻ መቆምም ቢሆን ያስፈራ ነበር። ናካቴም መፍራቷን አልደበቀችም። ከአላፊ አግዳሚውም አንዳንዱ ጊዜዋን በከንቱ ታባክናለች አለ፤ አንዳንዱም ሴት ልጅ በአደባባይ በመቆሟ የማይገባ ቃል ተናገራት። እርሷ ግን በሚመጣው ዓርብ ተመልሳ ቆመች። እኔ ከሁሉ የማከብርላት ይህን ነው፤ በኋላ በዓለም መድረክ ከተናገረችው ይልቅ ማንም ሳያያት የቆመችባቸው ዓርቦች ይበልጡብኛል።

ብቻዋንም አልቀረችም። ሂልዳ ናካቡዬ የቤተሰቧ ማሳ በድርቅና በብርቱ ዝናብ የተጎዳባት ልጅ ነበረች፤ እርሷም ጓደኞቿን አሰባስባ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ፕላስቲክ ትለቅም ነበር። ሊያ ናሙጌርዋ ደግሞ በ2019 በኦገስት ወር 15 ዓመት ሲሞላት የልደት ድግስ ትታ 200 ዛፎች ተከለች፤ በአገሯ ካቬራ የሚባለው የፕላስቲክ ከረጢት በእውነት እንዲታገድም ደጅ ጠናች። ናካቴም የአፍሪካ ወጣቶች ድምፃቸው የሚሰማበትን ማኅበር አቋቋመች፤ ስሙም ራይዝ አፕ ሙቭመንት ተባለ።

በዚያው በ2019 ቫሽ ግሪን ስኩልስ የተባለውን ሥራ ጀመረች። የኡጋንዳ የገጠር ትምህርት ቤት ለተማሪው ፖሾ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄ በትልቅ ብረት ድስት ይቀቅላል። ምድጃው ክፍት በሆነ ጊዜ ሙቀቱ በጎን ይባክናል፤ እንጨት በመኪና እየተጫነ ይመጣል፤ ወጥ ቤቷም ቀኑን ሙሉ ጢስ ትውጣለች። ናካቴ ከደጋጎች በተሰበሰበ ገንዘብ እሳቱ የሚታፈንበት፣ ጢሱም በጭስ ማውጫ የሚወጣበት ምድጃ አሠራች፤ በጣራውም ላይ የፀሐይ ብርሃንን ወደ መብራት የሚለውጥ ሰሌዳ አስተከለች። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እያለ ሥራው ሰፋ። እንጨቱ ሲቀንስ የሚቆረጠው ዛፍ ይቀንሳል፤ ወጥ ቤቷ ትተነፍሳለች፤ ልጁም ሲመሽ ያነብባል። አዋቂዎች በጉባኤ የሚከራከሩበትን ነገር አንዲት ወጣት በድስት ሥር አሳየች።

በ2020 በጃንዋሪ ወር ናካቴ ባለጠጎችና ሹማምንት ወደሚሰበሰቡባት ወደ ዳቮስ ከተማ ሄደች። በዚያም በብርዱ መካከል የሳይንስ ሊቃውንት በተከሉት ድንኳን አደረች። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ከግሬታ ተንበርግ፣ ከሉዊዛ ኖይባወር፣ ከኢዛቤል አክሴልሰንና ከሉኪና ቲሌ ጋር ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጥታ አብራቸው ፎቶ ተነሣች። አምስቱም በተራራው ፊት በአንድ ረድፍ ቆመው ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ግን ፎቶውን ሲያወጣ ናካቴን ከዳር ቆርጦ አራቱን ነጮች ብቻ አስቀረ። ምክንያቱን በተጠየቀ ጊዜ ከኋላዋ ያለው ሕንጻ የፎቶውን ውበት ስለሚያበላሽ ነው አለ። ከአምስቱ አፍሪካዊት እርሷ ብቻ ነበረች።

እርሷም በቪዲዮ ቀርባ እያለቀሰች ተናገረች፤ የዘረኝነትንም ትርጉም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መረዳቷን ገለጸች፤ የተቆረጠችው እርሷ ብቻ ሳትሆን አህጉሪቱ በሙሉ መሆኗን ጻፈች። ነገሩም በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ የዜና ወኪሉም አለቃ ይቅርታ ጠየቀች። ልብ አድርጉ! ወደ አየር ከሚወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 አይሞላም፤ ጎርፉና ድርቁ ግን ቀድሞ የሚደርሰው በእርሷ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚነገርበት ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ የተጎጂው ፊት ከሥዕሉ ወጣ። ይህ በደል በዘመኑ ታሪክ እንዳይዘለል ብዬ እስከ ነገሩ ዝርዝር ጻፍሁት።

በዚያው በ2020 መዓት በመዓት ላይ ተደራረበ። በፌብሩዋሪ ወር የበረሃ አንበጣ ወደ ኡጋንዳ ገባ፤ ይህም የእኛን አገር አዝመራ የበላው መንጋ ነው፤ ከባሕሩ ሙቀት የተነሣ በረሃውን ያረሰረሰው ያልተለመደ ዝናብ አራብቶት ነበር። በሜይ ወርም የቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ በጂንጃ መለኪያ 13.42 ሜትር ደረሰ፤ ይህም በ1964 ከተመዘገበው ከፍታ በለጠ፤ በዳርቻው ይኖሩ የነበሩ ብዙዎች ቤታቸውን ለውኃው ለቀቁ። ናካቴም የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ በዘጋበት በዚያ ወራት ይህን ሁሉ በመጻፍና በመናገር ለዓለም አሰማች።

በ2021 በሴፕቴምበር ወር የዓለም ወጣቶች በተሰበሰቡበት በሚላኖ ከተማ ቆማ ተናገረች። የንግግሯም ኃይል ይህ ነበረ፦ ሰው ከጥፋት ጋር ይላመድ ዘንድ አይቻለውም፤ ረሃብን፣ የጠፋን ባህልና የጠፋን ታሪክ የሚላመድ የለም፤ ስለዚህ ለደረሰው ጥፋትና ጉዳት ለብቻው ገንዘብ ይመደብ። በኖቬምበርም በግላስጎው በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ መሪዎቹንና የኩባንያ አለቆቹን፣ ቃላችሁን አናምንም፣ እንደ ተሳሳትን በሥራ አስረዱን አለቻቸው።

በ2022 በሴፕቴምበር ወር የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርጎ ሾማት። ከሹመቱ አስቀድማ ወደ ኬንያ ወደ ቱርካና ሄዳ ነበር። በዚያ ዘመን ዝናብ ለተከታታይ ወቅቶች ጠፍቶ ከቱርካና እስከ ሶማሊያ፣ በእኛም አገር ከቦረና እስከ ሶማሌ ክልል ከብቱ አልቆ፣ አርብቶ አደሩ ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር። በቱርካናም በሆስፒታል በረሃብ የከሳ ሕፃን አየች፤ ሕፃኑም በዚያው ቀን ሳይመሽ ሞተ። ከዚህ በኋላ በንግግሯ የዚያን ሕፃን ነገር አነሣች።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር 20 ቀን በሻርም ኤል ሼክ የተሰበሰቡት መንግሥታት ለጥፋትና ለጉዳት የሚሆን ገንዘብ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ የብዙ ድሃ አገሮች ልዑካን ለ30 ዓመታት ያህል የለመኑት ነገር ነው፤ የወጣቶቹም ጩኸት ተጨምሮበታል። በሚቀጥለው ዓመት በዱባይ ጉባኤ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ተገባ። ጉዳቱ ግን በዓመት በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ነው።

በኡጋንዳም ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ከአልበርት ሐይቅ ዳር የሚወጣውን ነዳጅ እያሞቀ ከሆይማ እስከ ታንዛኒያ ወደብ እስከ ታንጋ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ቧንቧ ሊዘረጋ በ2022 በፌብሩዋሪ ወር ቶታል ኢነርጂስና የቻይናው ሲኖክ ከሁለቱ መንግሥታት ጋር ተስማሙ። መንግሥት ልማት ነው አለ፤ ናካቴና ጓደኞቿ ግን ባንኮች ገንዘብ እንዳይሰጡ ለመኑ። ቧንቧውን የተቃወሙ ተማሪዎችም በካምፓላ ተይዘው ታሰሩ።