ዋስ ያላት ጀማሪ

ፉሪ አዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል ከፉሪ ተራራ ጋር ፊት ለፊት የምትተያይበት ሰፈር ነው። ለቡ፣ ጀሞና ሀና ማርያም ይጎራበቱታል፤ ወሰኑን ሲሻገሩ ኦሮሚያ ክልል ነው። ከአንድ ትውልድ በፊት አብዛኛው መሬት እርሻና ግጦሽ ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሲመረቅ የመዲናዋ የመንገደኞች ጣቢያ «ፉሪ ለቡ» ተባለና ሰፈሩን ረግጦት የማያውቅ ሁሉ ስሙን ለመደው። ነዋሪው የተለያየ ነው፤ ከመሀል ከተማ በልማት የተነሣ አለ፣ ኪራይ ረከስ ያለበትን ፍለጋ የመጣ አለ፣ ከገጠር የገባ አለ፣ ከተማው ራሱ እርሻው ድረስ የመጣበትም አለ። እንዲህ ያለ ሰፈር ለንግድ ታሪክ ጥሩ መመልከቻ ነው፤ ገና በማይተዋወቅ ሰው መሀል ንግድ እንዴት እንደሚጀመር ያሳያልና።

እዚህ የማነሣው በሱቅ የሚሠራውን ንግድ አይደለም። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ፣ ነጠላና ሻሽ ከሸማኔ ተቀብላ፣ ወይም ከዱባይ የመጣ ልብስና ሽቶ ይዛ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ ሳሎኗ ውስጥ የምትሸጠውን ሴት ነው። የቀጥታ ሽያጭ ኩባንያዎች ይህን ዓይነቱን ስብሰባ የራሳቸው ፈጠራ አድርገው ያቀርባሉ፤ አዲስ የመዘገቡትንም ሰው ለመጀመሪያው የቤት ግብዣ ሲያዘጋጁ ምን ብሎ እንደሚከፍት፣ ዕቃውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያሳይ፣ «አይ» ሲባል ምን እንደሚመልስ ያስጠኑታል። የከተማችን ታሪክ የሚለው ሌላ ነው። እዚህ ጀማሪዋን ለመጀመሪያ ገበያዋ ያበቃት ዋስትና ነው፤ የረዷት ሰዎች የረዷት ንግግር አስጠንተው ሳይሆን ስማቸውን አበድረው ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝን ትናንት ጎረቤት ጎረቤቱን ያቋቋመበት ሳሎን ዛሬ ለምን ብዙዎችን እንዳከሰረ አይገባንም።

በመጀመሪያ ከውጭ የመጣውን ሥርዓት በራሱ ታሪክ እንየው። አሜሪካዊው ኧርል ታፐር እ.ኤ.አ. በ1946 የፕላስቲክ የምግብ ዕቃዎቹን ለገበያ ሲያቀርብ ከሱቅ መደርደሪያ የሚያነሣቸው ሰው ብዙም አልነበረም። መክደኛው እንዴት እንደሚገጥም፣ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ ሰው አያውቅም ነበር። ዕቃው የተሸጠው ብራውኒ ዋይዝ የተባለች ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት በየቤቱ ሴቶችን እየሰበሰበች በእጃቸው እንዲከፍቱና እንዲዘጉ ስታደርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ኩባንያው ዕቃውን ከሱቆች አውጥቶ ሽያጩን ሁሉ በቤት ግብዣ አደረገው። ዋይዝ በ1954 ቢዝነስ ዊክ በተባለው መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1958 ግን ባሳደገችው ኩባንያ አንድ አክሲዮን እንኳ ሳይኖራት ተሰናበተች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሥርዓቱ የጎረቤትን መተማመን ወስዶ ወደ ኩባንያ ገቢ የሚለውጥ ነበር፤ መተማመኑን ያመጡት ሴቶች ግን፣ ከዋይዝ ጀምሮ፣ የድርጅቱ ባለቤት አልሆኑም።

የእኛ ሳሎን ሌላ መንገድ ነው የመጣው፤ ሆኖም ከምንገምተው በላይ ወጣት ነው። በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና ለረጅም ጊዜ የሙስሊሙና የኦሮሞው መጠጥ ተደርጎ ሲሸሽ ኖሯል። ይህ የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ነው፤ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸው፣ አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን ማለዘባቸው ለዚህ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይጠቀሳል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ የከተማዋ ክርስቲያን ጎረቤት ቡና መጠራራትና ከተማዋ ራሷ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚቆየው ሰዓት ከየአገሩ መጥተው አንድ ግቢ የገቡ ሰዎች የሚተዋወቁበት ሰዓት ነበር። ስለዚህ «ቡና የፍቅር እንጂ የገበያ ቦታ አይደለም፤ ዕቃ መዘርጋት ባህሉን ያረክሳል» የሚለው ተቃውሞ፣ ቅሬታው ቢገባኝም፣ በታሪክ አይጸናም። የቡናው ሰዓት ሥራ የሚፈለግበት፣ ሠራተኛ የሚጠየቅበት፣ ቤት የሚከራይበት፣ እቁብ የሚጣልበት ሰዓት ነበር። ገበያ የጨመረችው ሴት ባዕድ ነገር አላስገባችም።

የጀማሪዋ ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነበር፤ እርሱም ሀፍረት ነው። በደጋው ክርስቲያን ማኅበረሰብ መነገድ ለጨዋ ልጅ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር፤ የሩቅ ንግዱ በአመዛኙ በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ የቆየውም በከፊል ለዚህ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጅ ሥራ የሚተዳደረውን ሰው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ንቀቱ ሥር ስለሰደደ ነው። ስለ ጣይቱ ሆቴል የሚነገረውም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በዚያው ዘመን ሆቴሉ ሲከፈት፣ በእንግድነት በነጻ መብላት የለመደው መኳንንት ለምግብ ገንዘብ መክፈል ነውር ሆኖበት እግሩ አልገባም ይባላል። ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስበው ጋበዙና ሂሳቡን ራሳቸው ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ እንዲገባበዙ አደረጓቸው። በዚህ ትረካ ውስጥ ለአዲስ ገበያ ትልቁን እርዳታ ያደረገው ሰው ምን እንዳደረገ ልብ እንበል። ስለ ምግቡ ጥራት ንግግር አላደረገም። ፊት ሆኖ ከፈለ፤ በክብሩም መክፈልን ነውር እንዳይሆን አደረገው። ጉልበቱ ያለው ቀድሞ በከፈለው ሰው ማንነት ነው።

ተራዋ ሴት ንጉሥ አልነበራትም፤ እቁብ ግን ነበራት። ጉዳዩ በጣም የሚደምቀው እዚህ ላይ ነው። 12 ሰዎች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ ለአንዱ 6,000 ብር ይወጣለታል፤ በ12ኛው ሳምንት ሁሉም የጣለውን ያህል አግኝቶ ዙሩ ያበቃል። መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ቆጠበ። የመጀመሪያው ዕጣ በብዙ እቁቦች የዳኛው ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሁልጊዜ ዕጣ ብቻ አይወስነውም። የቸገራት አባል ጉዳይዋን ለእቁቡ አቅርባ ትለምናለች፤ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ላይ ቀንሳ ትገዛለች። በርበሬ በርካሽ በሚገኝበት ወር ገንዘቡ እጇ እንዲገባ የፈለገች ጀማሪ ነጋዴ መነሻ ካፒታሏን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት ግን ዋስ ትጠራለች። ዋሱ ፈርሞ «ባትጥል እኔ እጥላለሁ» ይላል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ አገሬው የመረዳዳት ልማዶች የጻፉት፣ ደጀኔ አረዶም እ.ኤ.አ. በ1993 በእቁብና በእድር ላይ ያወጡት ጥናት እነዚህን ማኅበራት በቁም ነገር እንድንመለከት አድርገውናል፤ እንደ ቁጠባና ብድር ተቋምም ሆነ እንደ መረዳጃ። እኔ የምጨምረው እቁብ የንግድ ትምህርት ቤትም መሆኑን ነው። ዋስ የሆነችላት ጎረቤት ጀማሪዋ ብትከስር ከራሷ ኪስ ስለምትከፍል ዕቃውን አብራ ትመርጣለች፣ ዋጋውን አብራ ታወጣለች፣ ለማን በዱቤ እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ በጆሮዋ ትነግራታለች፣ በመጀመሪያው ቀንም ቀድማ ትገዛለች። ምክሯ የሚታመነው ኪሳራው የእሷም ስለሆነ ነው።

በደርግ ዘመን ይህ ዋስትና ሌላ መልክ ያዘ። የግል ንግድ ካፒታል በሕግ ተገደበ፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ መታደል ጀመረ፣ ጨርቃ ጨርቁና ጫማው ግን ከምሥራቅ በኮንትሮባንድ መምጣቱን አላቆመም። እንዲህ ያለ ዕቃ በአደባባይ ስለማይዘረጋ የሚሸጠው በጓዳ ነው፤ የሚሸጠውም ለታወቀ ሰው፣ ወይም የታወቀ ሰው ላከኝ ለሚል ብቻ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት፣ ዱባይና ቤይሩት የሚመላለሰውም ሲበዛ፣ በሻንጣ የገባው ልብስ የተሸጠው በዚሁ በተጠረገ መንገድ ነው፤ በጎረቤት፣ በቢሮ ባልደረባ፣ በማኅበር፣ ክፍያው በወር ደመወዝ።

የኔትወርክ ማርኬቲንግ የሚባለው አሠራር አገራችን ሲገባ ያገኘው እንግዲህ ባዶ ሜዳ አይደለም። ሳሎኑ፣ ቡናው፣ የእቁቡ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ቆየው። «ይህማ ያው እቁብ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያስገባል፣ ሁሉም በየተራው ያገኛል» ተብሎ ሲሰበክም ለጆሮ እንግዳ አልሆነም። ይህ ክርክር መልስ ይገባዋል፤ መልሱም ቀላል ስሌት ነው። ከላይ ያለው የ12 ሰው እቁብ 13ኛ ሰው ሳይጨመር በ12 ሳምንት ይዘጋል። ትርፉ ከአዲስ አባላት የሚመጣበት ሥርዓት ግን መዝጊያ የለውም። እያንዳንዱ 6 ሰው ማስገባት ካለበት ከ6 ወደ 36፣ ከ36 ወደ 216 ይሄዳል፤ 9ኛው ደረጃ ላይ የሚያስፈልገው ሰው ከ10 ሚሊዮን ይበልጣል። የአዲስ አበባ ሕዝብ አይበቃውም። ከታች የቀሩት፣ ሁልጊዜም ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው፣ ያወጡትን አያገኙም። ሕጉም ይህን ለይቶታል። የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002፣ በኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ አንድ ሰው ዕቃ በመግዛት ወይም ገንዘብ በማዋጣት ገብቶ ሌሎች እንዲገቡ ባደረገው ቁጥር ልክ ሽልማት የሚያገኝበትን የፒራሚድ ሽያጭ ስልት ከልክለዋል። ጎረቤትን ጠርቶ ነጠላ መሸጥ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ክልከላው ያነጣጠረው ከዕቃው ይልቅ የሚመጣው ሰው ቁጥር ገቢ በሚሆንበት አሠራር ላይ ነው። እዚህ ውስጥ ጀማሪዋን ወደ መጀመሪያ ስብሰባዋ አጅቦ የሚሄደው ሰው ዋስ አይደለም። እሷ ብትከስር አይከፍልም፤ የሚቀበለውን ተቀብሏል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ግን አለ፤ እርሱን አልፎ መሄድ ታማኝነት አይሆንም። የድሮው ሥርዓት ራሱ ንጹሕ አልነበረም። የሳሎን ሽያጭ በማንም እጅ ቢሆን የሚኖረው በይሉኝታ ነው፤ ቡናዋን ጠጥቶ ባዶ እጅ መውጣት ያሳፍራል፣ ስለዚህ ሰው የማያስፈልገውን ይገዛል። ዋስ የሚገኘው ደግሞ ለሚታወቅ ሰው ነው። ትናንት የተከራየች፣ ደመወዝ የሌላት፣ ዘመድ የሌላት ሴት እቁብ ውስጥ ማን ያስገባታል? ፉሪን በመሰለ ተከራይና አዲስ ገቢ በበዛበት ሰፈር ይህ ጥያቄ ትንሽ አይደለም። የመመዝገቢያውን ከከፈለች ማንንም የሚቀበለው ኩባንያ የሚማርከው በዚሁ ክፍተት ነው፤ የታለሉትን ሴቶች «ስግብግብ» የሚላቸው ሰው ደጁ የተዘጋባቸው መሆናቸውን ማስታወስ አለበት። በይሉኝታው ላይ ግን ልማዱ የራሱ ልጓም ነበረው። ቡናው ተራ ገብ ነው፤ ዛሬ የሸጠችው ነገ በሌላዋ ቤት ገዢ ሆና ትቀመጣለች፣ ስለዚህ ያስጨነቀች ትጨነቃለች። ዱቤው ደግሞ ለሻጯም ስጋት ነው፤ በይሉኝታ የተወሰደ ዕቃ ወር ሲሞላ አይከፈልምና፣ ብልህ ዋስ «ለእከሊት አትስጪያት፣ አፍራ ነው የምትወስደው» ትላለች። ገንዘቡን በቅድሚያ የሚሰበስብ አሠራር ይህ ፍርሃት የለበትም።

በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች የሆነው ነገር ለዚህ ሁሉ አዲስ ማስረጃ ነው። ቤት በዕጣ ሲደርስ ጎረቤትም በዕጣ ይደርሳል፤ የአሮጌው ሰፈር እድርና እቁብ ወደ አራተኛ ፎቅ ተከትሎ አይመጣም። ሆኖም የብሎክ እድር ተቋቋመ፣ በየፎቁ መተላለፊያ ቡና ተፈላ፣ ከዚያም እቁቡ ተከተለ። ንግዱ የመጣው ከነዚህ በኋላ ነው። ዛሬ የብሎኩ ሰዎች በቴሌግራም ግሩፕ ዕቃ ሲለጠፍላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዋጋው ይመስላል፤ ያልታወቀች ሴት ስትለጥፍ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ናት፣ የት ብሎክ ናት?» የሚለው ነው።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ችግር መዝገቡ በማኅደር አለመኖሩ ነው። ያለው የእቁብ ጸሐፊዎች ደብተር ውስጥ፣ ስምና ብር በተጻፈባቸው የዱቤ ወረቀቶች ላይ ነው፤ እነዚህም ዙሩ ሲያልቅ፣ ዕዳው ሲከፈል ይጣላሉ። ፉሪ ከእርሻ ወደ ሰፈር ሲለወጥ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ እቁቦች ዳኞችና ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ደብተሮቻቸው ከመቃጠላቸው በፊት መሰብሰብ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ ማንበብ ይቻላል።