አራት ለባዶ

ቦንጋ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለ ከጭቃማ ሜዳዎቿ በአንዱ ጥግ ቆሜ የሁለት ሰፈር ልጆችን ግጥሚያ አየሁ። ግጥሚያ ከተባለ ነው። ስድስተኛው ጎል ሲገባ ተመልካቹ መሳቅ ጀመረ። ዘጠነኛው ሲቆጠር የተሸናፊዎቹ በረኛ ግቡን ትቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጠጋ ብዬ «አይዞህ፣ ነገ ትመልሳላችሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ነገማ አንመጣም» አለኝ። «ደግሞ ልንዋረድ?»

የመምህርነት አመል አይለቅምና ታሪክ ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የ1954ቱ ዋንጫ ነው፤ ሁላችንም የምናወራው እሱን ብቻ አይደል? ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ግን የድል ወሬ እንዳልሆነ ታወቀኝ። ስለዚህ ከካርቱም ጀመርኩ።

ጊዜው የካቲት 1949 ዓ.ም.፣ ውድድሩ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። የታሰቡት አገሮች አራት ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አብሮ የሚጫወትበት ቡድን አላሰልፍም ብላ ቀረች። ተጋጣሚዋ እኛ ስለነበርን አንድም ኳስ ሳንመታ ለፍጻሜ አለፍን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የካቲት 9 ቀን ግብፅ አራት ለባዶ ረታችን። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፤ ዲያብ አል-አታር፣ በቅጽል ስሙ አድ-ዲባ። መዝገቡ «ሁለተኛ» ይለናል። አንድም ድል የሌለበት ሁለተኛነት!

በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ሄድን። ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ አሁንም አራት ለባዶ! ሦስት አገሮች ብቻ በተካፈሉበት ውድድር መጨረሻ ወጣን። «በቃን፣ ይቅርብን» ቢባል ማን ይፈርድ ነበር?

በቃን ካላሉት አንዱ የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት ጅማ ነው፤ ጅማ ደግሞ ኋላ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። እሳቸው ያሠለጠኑት ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅ ገጠመ። ሁለት ጊዜ ተመራ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና አራት ለሁለት አለቀ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጥር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ኮንጎ ኪንሻሳና ጋና አዲስ አበባ ላይ ለፍጻሜ ሲገናኙ በመሀል ዳኝነት ፊሽካ የነፋው ማን ይመስላችኋል? ያው አድ-ዲባ። ትናንት አራት ያገባብህ ሰው ሁልጊዜ ተቃራኒህ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ድሉን እንዘምራለን፤ አራት ለባዶዎቹን ግን ከታሪካችን ቆርጠን ጥለናቸዋል። ያለ እነሱ 1954 ከሰማይ የወረደ መና ይመስላል። መና የለመደ ደግሞ አያርስም፣ አይዘራም፤ አንጋጦ ይጠብቃል። ዋንጫው ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ አልተመለሰም፤ እኛም እስካሁን እንዳንጋጠጥን ነን። ልጆቻችንን መሸነፍ ውርደት እንደሆነ ካስተማርናቸው፣ የሚማሩት ማሸነፍን ሳይሆን ከሜዳ መቅረትን ነው።

ልጁ በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ «እኛ ግን ዘጠኝ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን በሜዳው ሳልፍ በረኛውን ግቡ መሀል ቆሞ አየሁት። አምስት ለአንድ ተሸነፉ። ለዚያች ለአንዷ ጎል ግን አሸናፊዎቹ ለአምስቱ ካልጨፈሩት በላይ ጨፈሩ።