ከድል ማግስት፦ ደረስጌ ለስብዕና ግንባታ መጻሕፍት አንባቢ የምትነግረው

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ምድር፣ አንድ ሰው ሊነግሡበት አስበው እንዳሠሩት በሚነገርለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ሰው ነገሡ። ቤተ ክርስቲያኗ ደረስጌ ማርያም ናት። ያሠሯት የሰሜንና የትግራይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ዘውዱን የደፉት ግን ከቋራ የተነሡት ካሣ ኃይሉ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ቀብተው ያነገሧቸው አቡነ ሰላማም ቢሆኑ ከግብፅ የመጡት በውቤ ጥረትና ወጪ ነበር። ቤቱም የውቤ፣ ጳጳሱም የውቤ፤ ዘውዱ ግን የካሣ ሆነ።

ደረስጌ ዛሬ በሰሜን ጎንደር ዞን፣ በጃናሞራ ወረዳ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ አቅራቢያ ትገኛለች። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የገባ መንገደኛ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ተራራውን ከተሻገረ ይደርስባታል። ለዋልያና ለጭላዳ ሲል ደባርቅ የሚያድር እንግዳ ብዙ ነው፤ ለደረስጌ ብሎ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ራሱን ለመለወጥ የስብዕና ግንባታ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ወጣት ይህችን ቦታ ቢያውቃት ይጠቀማል። መጻሕፍቱ የዘለሉትን ምዕራፍ እሷ ይዛዋለችና።

የመጻሕፍቱ ነገር እንዲህ ነው። ዴል ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ናፖሊዮን ሂል በ1937፣ ስቲቨን ኮቪ በ1989 ካሳተሟቸው ጀምሮ፣ ዛሬ በአማርኛ ተተርጉመውም ሆነ እዚሁ ተጽፈው በአዟሪ እጅ እስከሚሸጡት ድረስ፣ አብዛኞቹ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ የምትፈልገውን እንዴት ታገኛለህ? መልሳቸውም ይቀራረባል። ግብህን ለይ፣ መጨረሻውን ከወዲሁ አስብ፣ ሰው አፍራ፣ አትታክት። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ጎደሎው ሌላ ነው። ካገኘኸው በኋላ፣ በማግስቱ ምን ትሆናለህ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። የደረስጌ ታሪክ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማግስት ታሪክ ነው።

ውቤ ያልሠሩት ሥራ አልነበረም

ደጃዝማች ውቤ ሰነፍ ሰው አልነበሩም። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ስም ብቻ የቀረለት ንጉሥ አለ፤ እውነተኛው ሥልጣን ደብረ ታቦር ላይ በየጁዎቹ ራሶች እጅ ነው። ውቤ ከአባታቸው ከወረሱት ሰሜን ተነሥተው፣ በ1823 ዓ.ም. ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ከተሸነፉ በኋላ ትግራይን ጨመሩ። ትግራይን መያዝ ማለት የምጽዋን በር መቅረብ ነው፤ የምጽዋ በር ማለት ደግሞ ጠመንጃ ነው። ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችን አስጠጉ፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ሺምፐርና ሠዓሊው ዛንደር፣ ሁለቱም ጀርመኖች፣ በግዛታቸው ኖረዋል። ጳጳስ የሚያመጣ መልእክተኛ ወደ ግብፅ ላኩ። አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 አገር ሲገቡ፣ በውቤ እጅ ሁለት ነገር ተሟላ፦ የጦር ኃይልና የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን። የዛሬው አነቃቂ መጽሐፍ የሚዘረዝረው ሁሉ፣ ዕቅዱም ትዕግሥቱም ዝግጅቱም፣ በእኚህ ሰው ዘንድ ነበር።

በ1834 ዓ.ም. ውቤ ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። ከራስ ዓሊ ጋር ገጠሙና አሸነፉ። ራስ ዓሊ ሸሹ። ለዓመታት የተደከመበት ግብ ያን ዕለት ማታ በእጅ ገባ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከሚያስገርሙት ምሽቶች አንዱ ነው። ውቤ በድንኳናቸው ሆነው ድላቸውን ሲያከብሩ፣ የራስ ዓሊ ወገን የነበረው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው። የተሸነፉት ራስ ዓሊ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ፤ አሸናፊው ታሰሩ። ጦርነቱ ጠፍቶ አይደለም ውቤ የወደቁት፤ ጦርነቱ ያለቀ መስሏቸው ነው።

በጠመንጃም በዝግጅትም የበለጠ ሰው የተሸነፈው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ድሉን መጨረሻ አደረገው። ድል ግን መጨረሻ ሆኖ አያውቅም። ያሸነፍከው ሰው ቢሸሽም ወንድም አለው፣ አጎት አለው፣ የሚቆጭለት ወዳጅ አለው። ሮበርት ግሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው የሥልጣን ሕግጋት መጽሐፉ ከ48ቱ ሕጎች መጨረሻ አካባቢ ያስቀመጠው ሕግ፣ በድል ሰዓት የት ላይ መቆም እንዳለብህ ዕወቅ የሚል ሐሳብ አለው። ውቤ ያቃታቸው ግን መቆም ሳይሆን በቆሙበት ላይ ዘብ ማቆም ነው።

ሽንፈትን ያነበበ ሰው

ውቤ ካሣ ከፍለው ተለቀቁ፤ ግዛታቸውንም መልሰው ያዙ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ገዙ። ዕድል ለሁለተኛ ጊዜ በራቸውን አንኳኳች ማለት ይቻላል። በእነዚያ ዓመታት ግን ቋራ በረሃ ውስጥ ሌላ ሰው እየበሰለ ነበር።

ካሣ ኃይሉም የራሳቸው ሽንፈት ነበራቸው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ፣ ደባርቂ በተባለ ቦታ፣ ምሽግ ይዞ መድፍ ከጠመደ የግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ክፉኛ ተመቱ። (ይህ ደባርቂ ከሰሜኑ ደባርቅ የተለየ ቦታ ነው።) ጀግንነት ብቻውን መድፍ እንደማይመክት ያዩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ጦራቸውን በሥርዓት ማሠልጠን፣ መድፍ ማግኘት፣ የጦር ዲሲፕሊን ማጥበቅ የዕድሜ ልክ ሐሳባቸው ሆነ። ሽንፈቱን አልረሱትም፤ በሰውም አላሳበቡትም፤ አነበቡት።

ውጤቱም ተራ በተራ መጣ። በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1846 ደጃዝማች ብሩ ጎሹን አሸነፉ። የቀሩት ውቤ ብቻ ነበሩ።

ከጦሩ ይልቅ ትምህርት ያለው ግን የጳጳሱ ጉዳይ ነው። አቡነ ሰላማን ያስመጡት ውቤ ናቸው፤ ነገር ግን ውቤ የካቶሊኩን ሚስዮናዊ ዴ ያቆቢስን በግዛታቸው አስጠግተው ነበርና ይህ ጳጳሱን አስቆጥቷል። ካሣ በ1846 ዓ.ም. ከአቡኑ ጋር ሲስማሙ፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ከአገር ለማስወጣትና የቤተ ክርስቲያኗን የሃይማኖት ክርክር በአቡኑ ወገን ለመቋጨት ቃል ገቡ። አንደኛው ለጳጳሱ መምጫ ወጪውን ቻሉ፤ ሌላኛው ጳጳሱ ምን እንደሚሹ ጠየቁ። ውለታ የዋሉለት ሰው ሁልጊዜ ያንተ ወገን ሆኖ ይኖራል ብሎ ማሰብ፣ ትላንት በቤተሰብም በመሥሪያ ቤትም በፖለቲካም ብዙ ሰው ያከሰረ፣ ዛሬም የሚያከስር ስሌት ነው።

በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። በቀናት ውስጥ እዚያው ንግሡ ተፈጸመ። በሰሜን አምባዎች ያከማቹት ሀብትና ጠመንጃም ለአዲሱ ንጉሥ ሆነ።

የንጉሡ ማግስት

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪኩ ለማንኛውም አነቃቂ መጽሐፍ የሚመች ነበር። ከዝቅታ የተነሣ ሰው፣ ከሽንፈት የተማረ ሰው፣ ዙፋን ላይ ወጣ፤ መጽሐፉ ይዘጋል፣ አንባቢውም ያጨበጭባል። ታሪክ ግን እንደ መጽሐፍ የሚመች ቦታ ላይ አይዘጋም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከሽንፈት መማር የቻሉትን ያህል ከድል መማር አልቻሉም። ሐሳባቸው ትልቅ ነበር፦ የተበታተነች አገር አንድ ማድረግ፣ ደመወዝተኛ ጦር ማቋቋም፣ መሣሪያ እዚሁ ማሠራት። ዘዴው ግን ያው ወደ ዙፋን ያወጣቸው ዘዴ ሆኖ ቀረ፤ ፍጥነት፣ ዘመቻ፣ ቅጣት። የቤተ ክርስቲያንን መሬት በነኩ ጊዜ ካህናቱን አጡ። የውቤ ዘመድ አገው ንጉሤ በሰሜንና በትግራይ ሸፍተው ለዓመታት አስቸገሯቸው። ያነገሧቸውን አቡነ ሰላማን መቅደላ ላይ አሰሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። ለአውሮፓ በጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣታቸው የውጭ ዜጎችን አሰሩ፤ ይህም የናፒየርን ጦር ጠራ።

አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መቅደላ ላይ በእስር ሞቱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ በዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ቀቢውና ተቀቢው በአንድ ዓመት፣ በአንድ አምባ አለፉ። ውቤም ወደ ሥልጣናቸው ሳይመለሱ ነው የሞቱት።

አበው «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አንድ ችሎታ አንድ ጊዜ ካዋጣ ሰው ለሁሉም ነገር ያንኑ ይጠቀማል። ቆራጥነት ካሣን ከቋራ አንሥቶ ደረስጌ አደረሳቸው፤ ያው ቆራጥነት ያለ ልጓም ሲቀር ከደረስጌ ወደ መቅደላ ወሰዳቸው።

የሁለቱ ሰዎች ታሪክ በመጨረሻ በአንድ ልጅ ላይ ተገናኘ። ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አግብተው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። ያ ልጅ ደረስጌን ያሠሩት ሰው የልጅ ልጅ፣ ደረስጌ ላይ የነገሡት ሰው ልጅ ነበር። ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። የአባትና የአያቱን የማግስት ዕዳ የከፈለው እሱ ነው።

ዛሬ ላይ

ዕድልስ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብሩ አሊጋዝ ያን ምሽት ዘግይቶ ቢሆን የአገሪቱ ታሪክ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። የስብዕና ግንባታ መጻሕፍት ዕድል የሚለውን ቃል አይወዱትም፤ ያልተሳካለት ሁሉ ያልጣረ ይመስላቸዋል። ይህ ለደባርቅ ወጣት በተለይ ግፍ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ሲወጣ ለአካባቢው ድል ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎም ጦርነት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ መንደሮች ደረሰ፤ ተፈናቃዩ በዳባትና በደባርቅ ተጠለለ። የአስጎብኚው፣ የበቅሎ ጫኚው፣ የማብሰያ ሠራተኛው ገቢ የተቋረጠው በስንፍናው አይደለም። «አስተሳሰብህን ቀይር» የሚለው ምክር ለእሱ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ዕድልን ማዘዝ አይቻልም፤ ማግስትን ማሰብ ግን ይቻላል። ውቤ ጠላት መምጫውን ሰዓት መወሰን ባይችሉም ዘብ ማቆም ይችሉ ነበር። ለግለሰብ ይህ ቀላል ነገር ነው። ሥራ ሲገኝ፣ ዕድገት ሲመጣ፣ ንግዱ ሲያተርፍ፣ በደጉ ወር ለክፉው ወር ምን ተቀመጠ? ያገዘን ሰው ዛሬ ምን ይፈልጋል? እዚህ ያደረሰን ጠባይ ለሚቀጥለው ሥራ ይሆናል ወይስ ልጓም ያሻዋል?

ለአገር ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። በ1966፣ በ1983፣ በ2010 ድል ተብሎ የተጨበጨበለት ለውጥ መጥቷል። ከየድሉ በኋላ የመጣውን ያየ ሰው፣ ይህች አገር ድል ማድረግ የሚያውቅ ሰው አጥታ እንደማታውቅ ይስማማል። ያጠራት በድሉ ማታ ከድንኳን ወጥቶ ነገ እነማን ይመጣሉ፣ እነማንስ ተቆጥተዋል ብሎ የሚጠይቅ ነው። ደረስጌ ማርያም ዛሬም ቆማለች። ያሠሯትም የነገሡባትም ያልጠየቁት ጥያቄ ይኸው ነበር።